«ተያዥ አላት» ማለት ብቻውን አይበቃም፦ ቤት ውስጥ የምታድር ሠራተኛ ከመቅጠርዎ በፊት

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምንኖር የመንግሥት ሠራተኞች ነን። የሦስት ወር ልጅ አለን፤ የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ስለሆነ አዳሪ ሠራተኛ እየፈለግን ነው። ደላላ አንዲት ልጅ አምጥቶልናል። ዕድሜዋ 18 ነው ይላል፤ መታወቂያ ግን ገና አላወጣችም። የአክስቷ ባል «ለሚጠፋው ንብረት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የሚል ወረቀት ፈርሞ ተያዥ ሆኗል። ደመወዟን በየወሩ ከምንሰጣት አጠራቅመን ዓመት ሲሞላ ብንከፍላት፣ መታወቂያዋንም ስታወጣ እኛ ጋ ብናስቀምጠው ችግር አለው? ተያዥ ካለ ውልስ የግድ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ከተያዡ ልጀምር፤ ቤተሰቡ ሁሉ የሚተማመነው በእሱ ነውና። አሁን በእጅዎ ያለው ወረቀት ፍርድ ቤት ቢቀርብ አንድ ብር አያስከፍልም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1922 መሠረት፣ ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ ኃላፊ እንደሆነ በቁጥር ያልተጻፈበት የዋስትና ውል ዋጋ የለውም። «ለሚጠፋው ሁሉ» የሚለው ቃል ጠንካራ ቢመስልም ወረቀቱን ዋጋ የሚያሳጣው እሱ ራሱ ነው። በተጨማሪም ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት (አንቀጽ 1725)፤ በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል ደግሞ ሁለት ምስክሮች ካልፈረሙበት አይጸናም (አንቀጽ 1727)። ብዙ የተያዥ ወረቀቶች ላይ የዋሱ ፊርማና የደላላው ስልክ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ምስክር የሚባል የለም።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። የአክስቷ ባል ባለትዳር ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ ለሆነ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። አክስትየዋ ካልፈረመች ነገ «እኔ አላውቅም» ብላ ዋስትናው እንዲፈርስ ልትጠይቅ ትችላለች። ስለዚህ ሁለቱም ይፈርሙ።

ቃሉን እንዲህ አድርገው ያጽፉት፦ «ሠራተኛዋ በሥራዋ ላይ እያለች ሆን ብላ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ለምታደርሰው ጉዳት፣ እስከ ብር 50,000 (ሃምሳ ሺህ) ድረስ፣ ከሠራተኛዋ ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ለመሆን ተስማምተናል።» የገንዘቡን ልክ እንደ ቤትዎ ሁኔታ ይወስኑት። «በአንድነትና በነጠላ» የሚለው ቃል በውሉ ካልተጻፈ ዋሱ «መጀመሪያ ከእሷ ጠይቁ» የማለት መብት ይኖረዋል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን ተያዡ የሚከፍለው የእሷ ጥፋት ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ወርቅ ጠፍቶ ማን እንደወሰደው ካልታወቀ ዋሱ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ለዋሱም ምን ላይ እንደሚፈርም ቁጭ ብለው ያስረዱት፤ እሱም ቤተሰብ ያለው ሰው ነው።

ወደ ዕድሜዋ ልምጣ፤ ከጥያቄዎ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። «18 ናት፣ መታወቂያ ግን የላትም» ሲባል ብዙ ጊዜ ልጅቱ ገና አልደረሰችም ማለት ነው። ደላላ ዕድሜ የሚጨምረው ቶሎ ለማስቀጠር ነው። የልደት የምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ካርድ ወይም ፋይዳ ይጠይቁ፤ ከሌላት ወላጆቿን በስልክ ያግኙና ስንተኛ ክፍል እንደነበረች፣ መቼ እንዳቋረጠች ይጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉት ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ መሥራት የለባቸውም። ቀጥዬ እንደማስረዳው አዋጁ የቤት ሠራተኛን በቀጥታ ባይገዛም፣ ሌሊት ከሕፃን ጋር የምትነሳ አዳሪ ሠራተኛ በ7 ሰዓት ልትወሰን እንደማትችል እርስዎም ያውቁታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛና ትምህርታቸውን ወይም ጤናቸውን ከሚጎዳ ሥራ ይጠብቃል። ዕድሜዋ ያልደረሰን ልጅ ለብዝበዛ ከገጠር ማምጣት ወይም መቀበል በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድ ሊያስከስስ ይችላል፤ እሷ ወይም ወላጆቿ መስማማታቸውም መከላከያ አይሆንም። ምክሬ ግልጽ ነው፤ 18 ዓመት መሙላቷን ካላረጋገጡ አይቅጠሯት።

ውል የግድ ነው ወይ ላሉት፦ አዋጅ 1156/2011 በአንቀጽ 3 ለትርፍ ላልሆነ ዓላማ የሚደረግን የግል አገልግሎት ቅጥር ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል። የቤት ሠራተኛ እዚህ ውስጥ ትወድቃለች። ስለዚህ ክርክር ሲነሳ በዋናነት የሚሠራው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ ክሱም የሚቀርበው በመደበኛ ፍርድ ቤት ነው። በአገራችን ለግል ቅጥር የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ ለቤት ሠራተኛ የሥራ ሰዓትንና የዕረፍት ቀንን በዝርዝር የሚቆርጥ ሕግም በእጅዎ የለም። እንግዲህ ውሉ ላይ ያልተጻፈውን ነገር ነገ ዳኛው ፊት ሁለታችሁም በየፊናችሁ ትናገራላችሁ፤ ምስክር የሚሆነው ደግሞ ጎረቤት ነው።

ውሉ ሁለት ገጽ ቢሆን ይበቃል። የሥራው ዓይነት በደንብ ይዘርዘር። ልጅ መያዝ፣ ምግብ ማብሰልና ቤት ማጽዳት አንድ ነገር ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጀራ መጋገርና የቤተሰቡን ልብስ ሁሉ በእጅ ማጠብ ሲጨመርበት ሌላ ነው። የሦስት ወር ሕፃን የያዘች ሴት ትኩስ ምጣድ አጠገብ መቆሟ ለልጁም ለእሷም አደጋ ስለሆነ፣ አቅም ካለዎት ለጋገራና ለአጠባ ተመላላሽ ሠራተኛ ቢፈልጉ ይሻላል። ደመወዙና የሚከፈልበት ቀን፣ የሙከራ ጊዜው፣ በቀን የምታርፍበት ሰዓት፣ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን፣ አገር ቤት ለበዓል የምትሄድበት ፈቃድ፣ የማታ ትምህርት የምትማር ከሆነ የምትወጣበትና የምትገባበት ሰዓት፣ ከሁለቱም ወገን የሚሰጠው የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ (15 ወይም 30 ቀን) ይግቡበት። ብርጭቆ ሲሰበር ከደመወዝ መቁረጥ የብዙ ቤት ልማድ ነው። ይህን በውሉ ይተዉት ወይም በጣም ያጥብቡት፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እንኳ ከወር ደመወዝ የሚቆረጠው ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም።

ማንበብና መጻፍ የማትችል ከሆነች የጣት አሻራዋን ብቻ ወስደው እንዳይቀመጡ። አንቀጽ 1728 እንደሚለው ማንበብ የማይችል ሰው በአሻራው የሚገደደው በሰነድ አረጋጋጭ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት የተረጋገጠ እንደሆነ ነው። ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ይዘዋት ይሂዱ፤ ውሉ ይነበብላታል፣ ትፈርማለች። የተያዡንም ዋስትና በዚያው ያስጨርሱ፤ ነገ «ፊርማው የእኔ አይደለም» የሚባል ነገር ይቀራል።

ደመወዟን አጠራቅሞ ዓመት ሲሞላ መክፈል? አያድርጉት። በደግነት የሚጀመር ቢሆንም መጨረሻው ክርክር ነው። ዓመት ሳይሞላ ብትጣሉ ስንት ወር እንደተከፈለ፣ ስንት እንደቀረ፣ ለወላጆቿ ተላከ የተባለው ስንት እንደነበር የሚያሳይ ነገር አይኖርም። ደመወዝ ይዞ «ዓመቱን ካልጨረስሽ አልሰጥም» ማለት ደግሞ ሠራተኛን አስገድዶ የማቆየት መልክ አለው። ባንክ ደብተር ይክፈቱላት ወይም በቴሌብር ይላኩላት፤ ደረሰኙ ለሁለታችሁም ማስረጃ ነው። መቆጠብ ከፈለገች በራሷ ስም ትቆጥብ። መታወቂያዋንም ፎቶ ኮፒ አድርገው ዋናውን ይመልሱላት። ሰነድ መያዝና በር መቆለፍ የሰውን ነጻነት ከመገደብ ወንጀል ጋር የሚያገናኝ ነገር ነው።

የመኖሪያዋን ነገር በችኮላ አይለፉት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2601 ሠራተኛ ከአሠሪው ቤተሰብ ጋር ስትኖር ስለ መኝታዋ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ ሥራና ዕረፍት ሰዓቷ ጤናዋንና ክብሯን የሚጠብቅ እርምጃ ሁሉ የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኩሽና ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ማሳደር የተለመደ ነው። ከሰል በተያያዘበት ወይም ገና ባልጠፋበት የተዘጋ ኩሽና ማሳደር ግን ሞት ሊያስከትል ይችላል፤ የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ከውስጥ የሚዘጋ በር ያለው መኝታ ይኑራት። ጾመኛ ከሆነች በጾም ቀን ከቤተሰቡ የተረፈ ፍስክ ብቻ አስቀምጦላት መሄድ አላበላትም ማለት ነው፤ ሙስሊም ከሆነችም የሥጋው ነገር ቀድሞ ይነገር። ብትታመም ማሳከም ሕጉ እንደ አገልግሎት ዘመኗ ለተወሰነ ጊዜ የሚጥልብዎ ግዴታ ነው። ስትታመም ወደ ዘመዷ ቤት መስደድ አይቻልም።

ለልጅዎ ደህንነት ከተያዥ የሚበልጠው ጥንቃቄ ጊዜ ነው። ፈቃድዎ ከማለቁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ያስጀምሯት፤ ጡጦ ስታጥብ፣ ልጁን ስታስተኛ፣ ሲያለቅስ ምን እንደምታደርግ አጠገቧ ሆነው ይዩ። ከዚህ በፊት የሠራችባቸውን ሁለት ቤቶች ራስዎ ደውለው ያነጋግሩ፤ ደላላው የሚሰጥዎ ቁጥር የራሱ ሰው ሊሆን ስለሚችል የቤቱን ሰፈርና የልጆቹን ዕድሜ ይጠይቁ። የጤና ምርመራ ከፈለጉ በእሷ ፈቃድና በእርስዎ ወጪ ይሁን። ካሜራ የሚያስገቡ ከሆነ ሳሎንና የልጁ መኝታ ላይ ብቻ፣ እሷም አውቃ ይሁን፤ እሷ በምትተኛበትና በምትታጠብበት ቦታ ፈጽሞ አይሆንም።

የደላላው ነገር። «የመጀመሪያ ወር ደመወዟን ለእኔ» ካለዎት አይስማሙ። በአዋጅ 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል የለበትም። በዕዳ የጀመረች ሠራተኛ ደግሞ ቶሎ ትሄዳለች፤ ደላላውም በየቅጥሩ ኮሚሽን ስለሚያገኝ ከሁለት ወር በኋላ «የተሻለ ቤት አግኝቻለሁ» ብሎ የሚደውልላት እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ኮሚሽኑን ራስዎ ይክፈሉ፤ ግማሹን መጀመሪያ፣ ግማሹን የሙከራ ጊዜዋን ስትጨርስ።

ዕቃ ጠፍቶ ቢጠረጥሯት በር ቆልፎ ማቆየት፣ መምታት ወይም ልብሷን አስወልቆ መፈተሽ ከሳሽ የነበሩትን እርስዎን ተከሳሽ ያደርግዎታል። ጣቢያ ሄደው ያመልክቱ፤ ፖሊስ ይምጣ። ሥራ በጀመረች ቀን የምትረከባቸውን ውድ ዕቃዎች በአንድ ወረቀት ጽፈው ሁለታችሁም ከፈረማችሁበት ያኔ ይጠቅማል። ስትለቅም በዚያው ዝርዝር ታስረክብ፤ ቀሪ ደመወዟን በዚያው ዕለት ከፍለው «ያለኝን ሁሉ ተቀብያለሁ፣ ያስረከብኩትም ይህን ነው» የሚል ወረቀት በሁለት ቅጂ ይፈራረሙና አንዱን ለእሷ ይስጧት።