የኮምቦልቻው ወይን ለምን ቅጠል ብቻ ሆነ? ጠጁስ ለምን ኮመጠጠ?

እህቴ፣ ኮምቦልቻ ግቢሽ ያለው ወይን ጣሪያ እስኪያለብስ ቢለመልምም ፍሬው ጥቂትና ጎምዛዛ ነው፣ ከእሱ የጣልሽውም ጠጅ ኮምጣጤ ሆነ፣ ደግሞስ ወይን ደም ይሞላል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ሥር አላቸው። ጠጁ መበላሸት የጀመረው ገና ሐረጉ ላይ ሳለ ነው።

ወይን የሚያፈራው ባለፈው ወቅት በበቀለ ቅርንጫፍ ላይ ከሚወጣው አዲስ ቀንበጥ ነው። እንደ አውሮፓ ቅጠሉን የሚያረግፍ ብርድ ስለሌለን ሐረጉ በራሱ አያርፍም፤ ማረፊያውንም መነሻውንም የሚያሳውቀው መቀስ ነው። ካልተገረዘ ጉልበቱ ሁሉ ቅጠል ላይ ይቀራል፤ ዘለላውም ጥላ ውስጥ ተደብቆ አይጣፍጥም። ስለዚህ ከግንዱ ግራና ቀኝ፣ ሽቦ ላይ የተዘረጉ ሁለት ክንዶች ብቻ አስቀሪ። ክንዶቹ ላይ በየስንዝሩ ያለፈውን ዓመት አንዳንድ ቅርንጫፍ ተዪና እያንዳንዱን ከሁለት እስከ ሦስት ዓይን (ቀንበጥ የሚወጣበትን እብጠት) አስቀርተሽ ቁረጪው። ሌላው ይወገዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያሳሳዋል፤ ግን ካለፈው ዓመት ቅርንጫፍ እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ቢሄድ ሐረጉ አይጎዳም። ከቁራጩ ውሃ ቢንጠባጠብም አትደንግጪ፣ ሥሩ ነቅቶ እየገፋ ነውና በራሱ ይቆማል። ለዓመታት ያልተነካ ከሆነ ግን ግማሹን ዘንድሮ፣ ግማሹን በሚቀጥለው ወቅት ግረዢው።

ወሎ ላይ ከአቆራረጡ እኩል የሚያስጨንቀው ወሩ ነው። ወይን ከተገረዘ ከአራት ወር ተኩል እስከ አምስት ወር ገደማ ይደርሳል። ሚያዝያ ላይ ከገረዝሽው ፍሬው የሚበስለው በነሐሴ ዝናብ ስለሆነ ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል፣ ስኳሩም ይቀጥናል። መስከረም መጨረሻ ላይ ከተገረዘ ግን የበልጉ ዝናብ ሳይጠነክር የካቲት ላይ ይደርስልሻል። ለኮምቦልቻ፣ ለሐርቡና ለከሚሴ ይህ ይሠራል። ደሴ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለጋውን ቀንበጥ ስለሚያቃጥለው ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ካልሆነ አልመክርም። የኮምቦልቻ ከፍታ፣ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን የሚባሉት የወይን ዝርያዎች ከሚለሙበት ከዝዋይ ብዙም የራቀ ስላልሆነ ቦታሽ ላይ ጥርጣሬ አይግባሽ።

በበጋው በሳምንት አንዴ ዘልቆ የሚገባ ውሃ ስጪው፤ ፍሬው ቀለም መቀየር ሲጀምር ቀንሺ። ቅጠሉና ፍሬው ላይ አመድ የተነሰነሰ የሚመስል ነገር ካየሽ አመዳይ የሚባለው በሽታ ነው። የድኝ ዱቄት ጠዋት በቀዝቃዛው ይነሰነስበታል፤ በጠራራ ፀሐይ ቅጠሉን ይፈጃል። ለጠጅ የሚሆን ከሆነ መልቀሚያው ሳምንታት ሲቀሩት አቁሚ፤ ቀሪው ድኝ ጠጁን የበሰበሰ እንቁላል እንዲሸት ያደርገዋል።

አለቃቀም ላይ ቀለሙ ያታልላል። ወይን ከጠቆረ በኋላም ስኳር ለመሙላት ከአንድ ወር በላይ ይፈልጋል፤ እንደ ሙዝ ደግሞ ተቆርጦ አይበስልም። ፍሬውን ፈልጪና ዘሩን እዪው፤ አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው፣ ቡናማ ሆኖ ሲነከስ ከተሰበረ ደርሷል። የጭማቂ ስኳር መለኪያ ካገኘሽ ለጠጅ ከ20 እስከ 24 በመቶ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ጠጁ። 10 ኪሎ ፍሬ 6 ወይም 7 ሊትር ይወጣዋል። እንጨታማውን ዘንግ አውጪ፣ ይመራል፤ ፍሬውን በእጅ ጨፍልቂ፣ ዘሩ ግን አይሰበር። በሊትር 17 ግራም ስኳር ወደ 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል፤ ጭማቂሽ 16 በመቶ ብቻ ከሆነ በሊትር 50 ግራም ስኳር ጨምሪበት። እርሾው የወይን እርሾ ቢሆን ይመረጣል፣ ለ10 ሊትር 2 ግራም ይበቃል። ጌሾ አያስፈልገውም። ጠላ የተጠመቀበት ጋን አትጠቀሚ፤ ጢሱም የጠላው ኮምጣጣም በሸክላው ውስጥ ተቀምጧል። ብረትና አሉሚኒየምም አይሆንም፤ ብርጭቆ ወይም ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ይሻላል።

ዕቃውን ሦስት አራተኛ ብቻ ሙዪ። ልጣጩ ተንሳፍፎ ላዩን ይደፍናል፤ በቀን ሁለት ሦስቴ ወደ ታች ካልደፈቅሽው አየር ላይ ይውልና የኮምጣጤ ባክቴሪያ ይይዘዋል። ያንቺም የተበላሸው እዚህ ይመስለኛል፤ ያልበሰለ ፍሬ አልኮሉ አነስተኛ ስለሚሆን መከላከያ የለውም። ከ5 እስከ 8 ቀን በኋላ በንጹሕ ጨርቅ አጥልዪና እስከ አንገቱ ድረስ ሙዪ። አፉን በቱቦ ድፈኚው፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ ውሃ ውስጥ ይሁን፣ ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም። አረፋው ሲያቆም አተላውን ሳትነኪ ወደ ሌላ ዕቃ ቅጂው፤ ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ድገሚው። ጣፋጭነቱ ሳይጠፋና ሳይጠራ ጠርሙስ ውስጥ ካሸግሽው ጠርሙሱ ይፈነዳል። የኮመጠጠው አይመለስም፤ ንጹሕ ከሆነ ለሰላጣ አቼቶ አድርጊው።

ጠጅ ለማይነኩ ጎረቤቶችሽ ጭማቂውን ሳታፈዪ እስከ 80 ዲግሪ አሙቀሽ በተቀቀለ ጠርሙስ ትኩሱን ብታሽጊ ይቆያል። ማድረቅ ከፈለግሽም 4 ኪሎ ገደማ ፍሬ 1 ኪሎ ዘቢብ ይሆናል፤ ለቅዳሴ የሚዘፈዘፈውም ይኸው ዘቢብ ነው።

ደም ይሞላል የሚባለው አይይዝም። 100 ግራም ወይን ውስጥ ያለው ብረት ግማሽ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም፤ ምስርና ጤፍ እጅግ ይበልጡታል። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው፤ 80 በመቶው ውሃ ነው፣ ፖታሲየምና ጥቂት ቫይታሚን ኬ አለው፣ ሬስቬራትሮልን የመሳሰሉት ንጥረ ነገሮች በብዛት ልጣጩ ላይ ስላሉ ከነልጣጩ ይበላ። ስኳሩ ግን በ100 ግራም 15 ግራም ያህል ነው፤ በዘቢብ ላይ ከ60 በመቶ ስለሚያልፍ የስኳር ሕመምተኛ ይጠንቀቅ። ጠጁን እንደ መድኃኒት አትቁጠሪው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ለጤና ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሏል፤ ለነፍሰ ጡር ጭራሽ አይሰጥም። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ፍሬውን በቁመቱ አራት ቦታ ሰንጥቀሽ ስጪ፣ ሙሉው ጉሮሮ ይዘጋል።

የግንዱንና የቅርንጫፎቹን ፎቶ በቅርበት ከለጠፍሽ የት የት እንደሚቆረጥ ምልክት አድርጌ እመልስልሻለሁ።