በሳይትና በሕንፃ ትንተና ፈተና ለምትቀመጡ ወጣት አርክቴክቶች

ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖረው የእህቴ ልጅ በአሜሪካ የአርክቴክትነት ፈቃድ ከሚያሰጡት ስድስት ፈተናዎች መካከል ሳይትንና ሕንፃን ስለመተንተን ለሚጠይቀው እየተዘጋጀች ነው። ሰሞኑን ስልክ ደውላ፣ «ጋሼ፣ የአፈር ምርመራውን ማስጠናት ያለበት ማን ነው? አርክቴክቱ ወይስ ባለቤቱ?» ስትል ጠየቀችኝ። የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር ባዘጋጀው መደበኛ ውል መሠረት የቦታውን ቅየሳና የአፈር ጥናት የሚያቀርበው ባለቤቱ ሲሆን፣ አርክቴክቱ ደግሞ ምን ዓይነት ጥናት እንደሚያስፈልግ በጊዜው ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ለፈተናው ይህ ይበቃል። እኔን ግን ጥያቄዋ ከስልኩ በኋላም አልለቀቀኝም፤ «በጊዜው» የምትለው ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ የተማርኩት አቃቂ ዳር ነውና።

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከአቃቂ ባሻገር ባገኙት መሬት ላይ ትንሽ ትምህርት ቤት ለማሠራት ተነሡ። እኔ ቦታውን እንዳይ የተላክሁት ንድፉ ካለቀና ግንበኛው ከተዋዋለ በኋላ ነበር። ወሩ መጋቢት በመሆኑ መሬቱ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። በአጠገቡ የሚያርሱ አንድ አዛውንት ስለ ቦታው ስጠይቃቸው፣ «ሽምብራውን የምንዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ራሱ ውኃውን ይዞ ያደርስልናል» አሉኝ። አንድ ሰብል ያለ ዝናብ እስኪደርስ ድረስ ውኃ ይዞ የሚያቆይ ጥቁር መረሬ፣ ክረምት ሲገባ የሚያብጥ፣ በጋ ሲሆን የሚኮማተር አፈር ነው፤ ከከባድ ፎቅ ይልቅም ቀላሉን ባለ አንድ ወለል ቤት በቀላሉ ያነሣዋል። አፈሩ እንዲመረመር፣ ካስፈለገም ጥቁሩ ተቆርጦ ወጥቶ በተመረጠ አፈር እንዲተካ ወይም መሠረቱ ከእርሱ በታች እንዲወርድ አሳስቤ ጻፍኩ። ነገር ግን መምህሩ ገንዘባቸውን በክፍል ቁጥር አብቃቅተውታል፤ ትምህርት ቤቱም በመስከረም እንዲከፈት ለወላጆች ቃል ተገብቷል፤ የበላዬም ያለቀ ንድፍ እንዲከለስ አልፈቀዱም። መሠረቱ ጥልቀት በሌለው የድንጋይ ግንብ ተሠራ።

ከጥቂት ክረምት በኋላ በዚያ ሳልፍ፣ ከየመስኮቱ ማዕዘን የተነሣ ስንጥቅ ግድግዳውን በሰያፍ ሰንጥቆት፣ በሮቹ አልገጥም ብለው፣ ሁለቱ ክፍሎች ተዘግተው አገኘሁ። መምህሩ አልተቆጡም። «መሬቱን ሳታዩት ነው የሳላችሁልኝ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። የዕድሜ ልክ ጥሪታቸው ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ልቤ ያዝናል። ያ ማሳሰቢያ እርሳስ ወረቀት ከመንካቱ በፊት ቢጻፍ ኖሮ፣ ከክፍሎቹ አንዱን ቀንሰው በተረፈው ገንዘብ መሠረቱን ያወርዱት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ፈተናው በ3 ሰዓት ውስጥ 75 ጥያቄዎችን የሚያቀርብ ሲሆን፣ ደጋግሞ የሚመዝነው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው። ወጣቶች የልምምድ ጥያቄዎችን በብዛት በመሥራት ብቻ የምትዘጋጁበት መንገድ አይዋጥልኝም፤ መልሱን ታውቁትና ለምን እንደሚቀድም አትጠይቁም። ሆኖም በቃል መያዝ ያለባቸው ቁጥሮች አሉ፦ የአካል ጉዳተኞች መወጣጫ ተዳፋት ከ1 ለ12 መብለጥ የለበትም፤ የሕንፃው ዙሪያ መሬት ደግሞ ቢያንስ ለ10 ጫማ ያህል በ5 በመቶ ተዳፋት ውኃን ከመሠረቱ ማራቅ አለበት። ትልቁን ድርሻ በሚይዘው የሕንፃ ትንተና ክፍል፣ የክፍሎቹ ስፋት ድምር የሕንፃው ስፋት አለመሆኑን አትዘንጉ። ክፍሎቹ 6,000 ካሬ ጫማ ቢሆኑና ከጠቅላላው 75 በመቶውን የሚይዙ ከሆነ፣ መተላለፊያው፣ ደረጃውና ግድግዳው ተጨምረው ሕንፃው 8,000 ይደርሳል።

አዲስ አበባ ያደጋችሁ ከሆነ ስለ ፀሐይ የለመዳችሁትን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉ። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምንገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በዋናው የአሜሪካ ምድር ግን የቀትር ፀሐይ ምንጊዜም በደቡብ ናት። በታኅሣሥ አጋማሽ አካባቢ እዚህ ከአድማስ 58 ዲግሪ ገደማ ስትወጣ፣ ዋሽንግተን ላይ ከ28 ዲግሪ ገደማ አታልፍም። በብርዱ ወራት የፀሐይ ሙቀት የሚፈልግ ክፍል ወዴት ይዙር ተብላችሁ ስትጠየቁ፣ ወደፊት በአጠገቡ የሚሠራው ሕንፃም ጥላው እስከ የት እንደሚደርስ ስታሰሉ፣ ይህ ልዩነት መልሱን ይለውጠዋል።

ቦታን በሳተላይት ምስል ብቻ አይቶ መሳል ያስቆጣኛል። ይሁን እንጂ የዓመታቱን ምስሎች ደርድሮ ማየት፣ ወንዙ የት የት እንደወጣና እርሻው መቼ ወደ ሰፈር እንደተለወጠ የሚያሳይ፣ እኛ ያላገኘነው መሣሪያ መሆኑን አልክድም፤ ኮዬ ፈጬንና ቱሉ ዲምቱን በዚህ መንገድ ብታጠኑ ብዙ ትማራላችሁ።

ከብዙ ቦታዎች አንዱን ምረጡ ስትባሉ፣ መጀመሪያ ሕግ የሚከለክለውን አስወጡ፤ የጎርፍ ቀጠና፣ ረግረግና ሕንፃው ከቦታው ወሰን መራቅ ያለበት ርቀት እዚህ ይገባሉ። ወጪና ውበት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ዝርዝር ሰነድ ባለው ጥያቄ ላይ ደግሞ ጥያቄውን ሳታነቡ ሰነዱን አትክፈቱ። የአፈር ሪፖርት ሲቀርብላችሁ የሙከራ ጉድጓዶቹ ሕንፃው በሚያርፍበት ስፍራ ላይ መቆፈራቸውን አረጋግጡ፤ የከርሰ ምድር ውኃ ከወቅት ወቅት ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ የተቆፈሩበትንም ወር ተመልከቱ።