ለፍልሰታ ሱባኤ የሱስ መድኃኒት ይቁም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ በፌንታኒል ሱስ ተይዞ ነበር። ሐኪም ሱቦክሶን የሚባል ከምላስ ሥር የሚቀመጥ መድኃኒት ካዘዘለት ስድስት ወር ሆነው። ሰዎች «ይህም ያው ሱስ ነው» ይሉኛል። ለፍልሰታ አስቁሜው ሁለቱን ሳምንት ጠበል ላስገባው? አምና ሲያቋርጥ እያዛጋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ መንፈስ ነው ብዬ ነበር።

መልስ፦ እናቴ፣ ጠበሉን ያስገቡት፤ መድኃኒቱን ግን አያስቁሙት።

ከማዛጋቱ ልጀምር፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ኦፒዮይድ (እንደ ፌንታኒል ያለ ዕፅ) የለመደ ሰው ሲያቋርጥ አንጎል ውስጥ ኖርአድሬናሊን የሚባለው አነቃቂ ኬሚካል ያሻቅባል። ደጋግሞ ማዛጋት፣ እንባና ንፍጥ፣ የሰውነት ጸጉር መቆም፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ ትውከትና ተቅማጥ ይከተላሉ። ይህን ያየ «ተገለጠ!» ብሎ በባዶ ሆድ ጠበል በላይ በላዩ ያጠጣዋል፤ ውኃና ጨው የጨረሰ ሰውነት ደግሞ ይዝለፈለፋል። ክፉ መንፈስ የለም እያልኩ አይደለም። ሕመምን ሕመም ማለት ግን እምነት ማጉደል አይደለም።

ይህ ስቃይ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ይበርዳል። ከባዱ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። እግዚአብሔር በፈጠረው አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን «ይህ መልካም ነው፣ ድገመው» የሚል ምልክት ነው፤ ስንበላም፣ ከምንወደው ሰው ጋር ስንሆንም ይመነጫል። ኦፒዮይድ የዶፓሚን ሕዋሳትን የሚገቱትን ሕዋሳት ዝም ያሰኛል፤ ዶፓሚኑ ያለ ልክ ይፈሳል። አንጎልም በጊዜ ብዛት ዶፓሚኑን የሚያነቡትን ተቀባዮች ይቀንሳል። ዕፁ ሲቋረጥ ዶፓሚኑ ከጤናማው መጠን በታች ይወርዳል። ደማቅ መብራት የለመደ ዓይን በጧፍ ብርሃን ማንበብ እንደሚያቅተው፣ ልጁም ምግቡ አይጥመውም፣ መዝሙሩ አይነካውም፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት። እሱ «እግዚአብሔር ተወኝ» ይላል፣ ቤተሰቡ «እምነት የለውም» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

አሁን የምልዎትን በጥብቅ ይያዙልኝ። ካቆመ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰውነቱ ዕፁን የመቋቋም ልማዱን ያጣል፤ ናፍቆቱ ግን አይጠፋም። የቀድሞውን መጠን አንድ ቀን ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ብዙ ልጆች የሞቱት «ነጻ ወጣሁ» ባሉ ማግስት ነው።

ሱቦክሶን ውስጥ ያለው ቡፕረኖርፊን ፌንታኒል የሚያርፍበትን ያንኑ የኦፒዮይድ ተቀባይ በከፊል ብቻ ይቀሰቅሳል፤ ኃይሉ ጣሪያ አለው። በታዘዘው ልክ የሚወስደው ሰው አይሰክርም፤ ሥራው ይሄዳል፣ ያስቀድሳል። ሱስማ እየጎዳው ማቆም ያቃተው ነው። ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይም አይንቀውም ይላል። አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲሄዱ በይፋ አስተምረዋል። ደጉን ሳምራዊ ይመልከቱት (ሉቃ 10)፦ ዘይትና ወይን አፍስሶ፣ ቁስሉን አስሮ ብቻ አልሄደም። ወደ እንግዳ ማረፊያ ወሰደው፣ በማግስቱ ለማረፊያው ጠባቂ ከፈለ፣ የሚጨመረውንም ስመለስ እከፍላለሁ አለ። ቁስሉ ጊዜ እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር። እኛ ግን በ14 ቀን ካልዳነ እንቆጣለን።

ለቁርባን ከሆነ የሚያሳስብዎት፣ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ ይቆያል። በቀን አንዴ የሚወስድ ከሆነ ሐኪሙን አማክሮ ሰዓቱን ወደ ማታ ያዛውር፤ የቁርባኑ የ18 ሰዓት ጾም ከመግባቱ በፊት ይወስዳል፣ ቀጣዩ በማግስቱ ከቁርባን በኋላ ይሆናል። ለንስሐ አባቱም ይንገር። ከምላስ ሥር እስኪሟሟ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አይብላ፣ አይጠጣ። ከዚያ አንድ ጉንጭ ውኃ አጉመጥምጦ ይዋጠው፤ መትፋት አያስፈልግም። ጥርሱን ከ1 ሰዓት በኋላ ይቦርሽ፤ መድኃኒቱ ጥርስ ይጎዳልና።

ቤት ውስጥ ናርካን (ኦፒዮይድ ከልክ ሲያልፍ ትንፋሽ የሚመልስ፣ በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት) ይኑርዎት፤ ከ2023 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ 911 ይደውሉ፣ አንዱን በአንድ አፍንጫው ይንፉለት። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ካልነቃ ሁለተኛውን በሌላው አፍንጫ ይድገሙ፤ የሕክምና ሰዎች እስኪደርሱም ጥለውት አይሂዱ።