መልስ፦ ለከባድ አደጋ ዝግጅት ከየት ይጀመር?

"መንግሥት ለከባድ የተፈጥሮ አደጋ ዝግጅቱን ከየት ይጀምር?" ብለህ ለጠየቅከው፣ እኔ ከቀበሌ ባይ ነኝ። መጋዘኑና መኪናው ይከተላል።

ጎፋን አስታውስ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ መሬት ሲንሸራተት ጎረቤት የተቀበሩትን ሊያወጣ ሮጠ። እየቆፈረ ሳለ ተራራው ዳግም ተናደ። ከሞቱት ብዙዎቹ ለእርዳታ የመጡ ነበሩ። ወገኑ ተቀብሮ ዝም የሚል ሰው የለም፤ "አትሂዱ" ማለት አይሠራም። ግን አንድ ሰው ራቅ ብሎ ተዳፋቱን እንዲጠብቅ፣ አፈሩ ሲንቀሳቀስ እንዲጮህ፣ ሌላው ሕዝብ እንዲርቅ አስቀድሞ ማለማመድ ይቻላል። ወጪውም ያን ያህል አይደለም።

የዛሬዋን ባንግላዴሽ በ1970 እ.ኤ.አ. የመታት አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል። ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞች አሠለጠኑ። በድምፅ ማጉያ ያስጠነቅቃሉ፣ አቅመ ደካማውን መጠለያ ያደርሳሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. አምፋን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ወጣ፤ በአገሪቱ የሟቾቹ ቁጥር መቶ አልሞላም። ሀብታም ስለሆኑ እንዳይመስልህ።

እኛም ዕድር አለን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። የእነሱ ስልክ ቁጥር የሌለበት ዕቅድ መሳቢያ ከማሞቅ አያልፍም። ልምምዱ ደግሞ ክረምት ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ ቢሆን ይሻላል።