ጎማ ያስቀየርኩት ሰፈር ጋራዥ ነው፤ የባትሪው ጋራንቲ ተሰረዘ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሳሪስ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። ከ14 ወር በፊት ከአንድ አስመጪ ዜሮ ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። የተፈራረምነው ውል «ለሞተርና ለባትሪ የ2 ዓመት ጋራንቲ» ይላል። በቃል ደግሞ «ባትሪው እኮ 8 ዓመት ዋስትና አለው» ብለውኛል። ጎማ ያስቀየርኩት፣ የፍሬን ዘይትና የኤሲ ፊልትሮ ያስለወጥኩት ሰፈሬ ያለ ጋራዥ ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ማስጠንቀቂያ በራ። ሞልቶ 400 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና አሁን 210 ላይ ያልቅበታል። ስደውልላቸው «ሌላ ጋራዥ ስለነካው ጋራንቲው ተሰርዟል፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል» አሉኝ። መመሪያው ከዳር እስከ ዳር ቻይንኛ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የከፈልኩት 3.4 ሚሊዮን ብር ነው፤ ውሉ ላይ ግን 1.9 ሚሊዮን ተብሎ ነው የተጻፈው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሻጩ በስልክ «ተሰርዟል» ስላለ ብቻ ጋራንቲ አይሰረዝም። እኔን ከሰፈርዎ ጋራዥ ይልቅ ያሳሰቡኝ እነዚያ አምስት ሳምንታት ናቸው። ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ መኪና ቻርጅ ይደረጋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ግን ሕጉ ለእርስዎም ይሠራል። በቁጥር 2287 መሠረት ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ኃላፊ ነው። ቁጥር 2289 ደግሞ ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገው ጥራት ከሌለው ወይም በውሉ የተነገረለትን ካላሟላ ጉድለት አለበት ይላል። በዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ጉልበቱ በግማሽ የወረደ ባትሪ በየትኛውም መለኪያ ጤነኛ አይደለም። ባትሪ በዕድሜ ይደክማል፤ እንዲህ ግን አይደለም። ሻጭ ብዙ ጊዜ «ስትረከቢ ደህና ነበር» ብሎ ይከራከራል። እርስዎ የ2 ዓመት የጽሑፍ ጋራንቲ በእጅዎ ስላለ ይህ ክርክር ብዙም ርቀት አያስኬደውም።

አሁን ወደ ጋራዡ እንምጣ። ቁልፉ ጥያቄ «ሰርቪስ በእኛ ጋራዥ ብቻ» የሚለው ቃል የት ነው የተጻፈው የሚለው ነው። በፈረሙበት ውል ላይ ቢሆን ኖሮ ሥራችን ይከብድ ነበር። ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላልና። እርስዎ እንደጻፉልኝ ግን ያለው መመሪያው ውስጥ ነው፤ ያውም በቻይንኛ። አንዱ ወገን አስቀድሞ ያዘጋጃቸው ጠቅላላ ቅድመ ሁኔታዎች ሌላውን የሚያስገድዱት አውቋቸው ሲቀበላቸው ነው (ቁጥር 1686)። የማያነቡትን ቋንቋ «አውቀሽ ተቀብለሻል» ማለት ዳኛ ፊት የሚያስቸግር ክርክር ነው። ቃሉ አሻሚ ከሆነም የሚተረጎመው ባዘጋጀው ወገን ላይ ነው (ቁጥር 1738)።

ከሁሉም የምወደው ግን ቁጥር 2001ን ነው። ግዴታ አለ የሚል ሰው መኖሩን ያስረዳል። ቀርቷል የሚል ደግሞ መቅረቱን ያስረዳል። እርስዎ ውሉን ያሳያሉ፤ አለቀ። «ሌላ ጋራዥ አበላሸው» የሚለውን ማስረዳት የሻጩ ዕዳ ነው። የፍሬን ዘይት መቀየር የባትሪን ጉልበት እንዴት በግማሽ እንደሚቀንስ ለባለሙያ ያስረዳ እስቲ። የኤሲ ፊልትሮ ይቅርና።

ስለ ጎማው ግን እዚህ ላይ ቆም ልበል። የኤሌክትሪክ መኪና ዋናው ባትሪ ከወለሉ ሥር ነው የተነጠፈው። መካኒኩ ክሪኩን የተፈቀደለት ቦታ ላይ ሳይሆን ባትሪው ሆድ ላይ አስደግፎ ከነበረ ሽፋኑ ሊጎዳ ይችላል። ብልህ ጠበቃ ያለው ሻጭ የሚይዘው ይህንን ነው። ስለዚህ ከእሱ ቀድመው ይዩት። መኪናው ይነሳና ከሥር ፎቶ ይነሳ። ጥርምስ ወይም ጭረት ከሌለ ፎቶው ዋና ማስረጃዎ ነው። ካለ ደግሞ ሳይደብቁ ለጠበቃዎ ይንገሩ፤ ያኔ የሰፈሩ ጋራዥም ተጠያቂ የሚሆንበት መንገድ አለ። ሥራ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው ውጤቱን በራሱ ኃላፊነት ሊያስገኝ ነውና የሚዋዋለው (ቁጥር 2610)። ደረሰኝ ወስደዋል? ካልወሰዱ ምን እንደሠራና መቼ እንደሠራ ዛሬውኑ በወረቀት ጽፎ ማኅተም ያድርግልዎት።

አሁን ወደ አምስቱ ሳምንታት። ገዢ ዕቃውን መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት (ከቁጥር 2291 ጀምሮ ያሉትን ያንብቡ)። ዝም ያለ ገዢ መብቱን ሊያጣ ይችላል። እርስዎ ደውለዋል፤ ጥሩ ነው። ግን የስልክ መዝገብ መደወልዎን እንጂ ያሉትን አያሳይም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? እናም ይህን መልስ ያነበቡ ቀን ደብዳቤ ይጻፉ። መኪናውን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የገዙበትን ቀን፣ ማስጠንቀቂያው የበራበትን ቀን፣ የደወሉበትን ቀንና የተሰጠዎትን መልስ ይዘርዝሩ። ባትሪው ያለ ክፍያ እንዲጠገን ወይም እንዲቀየር ይጠይቁ፤ ቀን ይቁረጡላቸው፣ 15 ቀን ይበቃል። በአካል ካደረሱ ኮፒው ላይ ያስፈርሙ። አንፈርምም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩት። ጉድለቱን ካስታወቁ በኋላ ክስ ለመመሥረት ያለዎት ጊዜ አንድ ዓመት ነው (ቁጥር 2298)። «እናየዋለን፣ ዕቃው ከቻይና እየመጣ ነው» እየተባለ ዓመቱ ያለፈበት ደንበኛ አጋጥሞኛል። ሻጩ ጨዋ ሰው ነበር፣ ሁልጊዜም ሻይ ይጋብዘው ነበር።

የ8 ዓመቱ ነገር ግን ብዙ ተስፋ አይጣሉበት። ብዙ አምራቾች ለባትሪ 8 ዓመት ይሰጣሉ፤ እውነት ነው። ግን ያ የአምራቹ ቃል ነው፣ የአስመጪው አይደለም። መኪናው በአምራቹ ወኪል በኩል ካልመጣ አምራቹን እዚህ አግኝቶ ማስገደድ ቀልድ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከታገደ ወዲህ ገበያው በኤሌክትሪክ መኪና ተጥለቅልቋል፤ «8 ዓመት» የሚለው ቃልም እንደ ሰላምታ ሆኗል። በፊርማ ካልሰፈረ እኔ አልቆጥረውም። ሽያጩ ጊዜ በቴሌግራም የጻፉልዎት መልእክት ካለ ግን አያጥፉት።

ስለ ዋጋው እውነቱን ልንገርዎ። ይህ የብዙ ሰው ጣጣ ነው። የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው (ቁጥር 2005)። ውል ፈርሶ ገንዘብ ይመለስ ቢባል ሻጩ 1.9 ሚሊዮኑን ቆጥሮ ሊሰጥዎት ይሞክራል። በባንክ ያስተላለፉበት ወረቀት ካለ ይከራከራሉ፤ ግን ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ለሁለታችሁም የግብር ጥያቄ ያስነሳል። በዚያ ላይ ውል የሚፈርሰው መሠረታዊ የሆነ የውሉ ክፍል ሲጣስ ነው (ቁጥር 1785)። ስለዚህ የእርስዎ ዋና ጥያቄ ባትሪው ይጠገን ወይም ይቀየር የሚለው ይሁን። ባትሪ ሲቀየር ውሉ ላይ ስንት ተጻፈ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አለ። ዕቃ ተለውጦ ወይም ገንዘብ ተመልሶ ይሰጠኝ ለማለት የሚሰጠው 15 ቀን ግን በእርስዎ ጉዳይ ካለፈ ቆይቷል። ለንግድ ቢሮ አቤቱታ ማቅረብ ግን አይከለከሉም፤ አንዳንድ ሻጭ ከክስ ይልቅ ለንግድ ፈቃዱ ይፈራል። ካልሆነ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለ ክርክር እዚያ ይታያል። ፋይሉ መጀመሪያ ወደ አስማሚ ሊመራ ይችላል። እምቢ አይበሉ፤ የባትሪ ጉዳይ አስማሚ ዘንድ ቶሎ ያልቃል።

እስከዚያው መኪናውን ገለልተኛ ቦታ ወስደው በኮምፒውተር ያስመርምሩ። ውጤቱ ላይ ቀን፣ የኪሎ ሜትር ንባብና የሻንሲ ቁጥር ይኑር። ምርመራው የሚደረግበትን ቀን ለሻጩ አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ መጥቶ ይይ። ካልመጣ የራሱ ጉዳይ። የሰፈርዎ መካኒክ «ቆይ ባትሪውን እኔ ከፍቼ ልየው» ቢልዎት ግን፣ ምንም ቢያምኑት፣ አይፍቀዱለት። ውስጡ ብዙ ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ነው፤ ሰውየውም ይሞታል፣ እሽጉም ከተነካ ሻጩ ሲፈልገው የነበረውን ሰበብ ያገኛል።