የጎረቤት ጉድጓድና የበጋ ወንዝ

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ገጠር፣ ከተራራው ግርጌ በምትወርድ ትንሽ ወንዝ ሽንኩርትና ፓፓያ አለማለሁ። በጋ ከክረምት ትፈስ ነበር። ጎረቤቴ ከወንዟ 300 ሜትር ርቆ ጉድጓድ አስቆፍሮ ፓምፕ ካስገባ ወዲህ ጥር ሲገባ ትመነምናለች። ሲጠየቅ «ወንዙን መች ነካሁ፣ ከመሬቴ ሥር ነው የምስበው» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሽ እውነት ነው። ዝናብ በሌለበት ወር ወንዝ ውስጥ የሚፈሰው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ፓምፑ መጀመሪያ በጉድጓዱ ዙሪያ የተጠራቀመውን ይስባል፤ ቀናት ሲቆጠሩ ግን ወደ ወንዙ ሊወጣ የነበረውን መንገድ ላይ ያስቀረዋል፤ ከበረታም ወንዙ ራሱ ወደ መሬት እንዲሰርግ ያደርጋል።

መቼና ምን ያህል የሚለውን በግምት ማስላት ይቻላል። ርቀቱን በራሱ ያባዙ፤ ውጤቱን መሬቱ በሚለቀው የውኃ ድርሻ (አንድ ሜትር ኩብ መሬት ሲንጠፈጠፍ በሚሰጠው የውኃ መጠን) አባዝተው መሬቱ ውኃ በሚያስተላልፍበት አቅም ያካፍሉ። ደለልና አሸዋ ላይ ድርሻው 0.1፣ አቅሙ በቀን 300 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 300 × 300 × 0.1 ÷ 300 = 30 ቀን ይመጣል። በ30ኛው ቀን ጉድጓዱ ከሚስበው 48 በመቶ ያህሉ ከወንዙ ድርሻ የተወሰደ ነው ማለት ነው፤ በ120ኛው ቀን ደግሞ 72 በመቶ። ፓምፑ በሰከንድ 5 ሊትር እየሳበ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ፣ ለ24 ሰዓት ሲካፈል በሰከንድ 1.67 ሊትር ነው፤ ስለዚህ ወንዙ በ30ኛው ቀን በሰከንድ 0.8፣ በ120ኛው ቀን በሰከንድ 1.2 ሊትር ያጣል። ጉድጓዱ 900 ሜትር ቢርቅ ያው 48 በመቶ የሚደርሰው በ270 ቀን ነው። መራቁ ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

የመሬቱን አቅም ከጉድጓዱ የቁፋሮ ማጠናቀቂያ ሪፖርት ያገኙታል፤ የፓምፕ ሙከራ ውጤት እዚያ ይጻፋል። ስሌቱ ለደለል መሬት ነው። በአካባቢያችን ብዙ ባለው የኖራ ድንጋይ ላይ ውኃው በስንጥቅ ስለሚሮጥ ቅርብ ያለው ሳይነካ ሩቅ ያለው ሊደርቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ልኬት እንጂ ስሌት አይታመንም።

ለልኬቱ ከወፍራም ቆርቆሮ ላይኛው ጠርዝ የ«ቪ» ቅርጽ ይቁረጡ፤ የታችኛው ማዕዘን ልክ 90 ዲግሪ ይሁን። ቆርቆሮውን በወንዙ ላይ አግድመው ይትከሉና ዙሪያውን በጭቃ ይድፈኑ፤ ከሥሩ ካፈሰሰ ልኬቱ ከንቱ ነው። ውኃው ከቅርጹ አልፎ በአየር ላይ መውደቅ አለበት። ከፍታውን አፉ ላይ አይለኩ፣ እዚያ ውኃው ያጎነብሳል፤ ውኃው ከሚመጣበት በኩል ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ ብለው፣ ዜሮው ከ«ቪ»ው የታችኛው ጫፍ ጋር እኩል ሆኖ በተተከለ ማስመሪያ ያንብቡ። 10 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ 4.4 ሊትር ነው፣ 8 ሴንቲ ሜትር 2.5፣ 6 ሴንቲ ሜትር 1.2። ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ወረደ ብለው አይናቁት፣ ግማሽ ያህሉ ሄዷል!

ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ይለኩ፤ ቀን ቀን የወንዝ ዳር ዛፎችም ይጠጣሉ። ዝናቡን፣ ፓምፑ የሠራበትን ሰዓትና ከላይ ውኃ የጠለፈ ካለም ይመዝግቡ። «ይኸው ፓምፑን አንድ ቀን አቆምኩት፣ ወንዙ አልጨመረም» ቢባሉ አይሸነፉ። ውኃው ቀስ ብሎ እንደቀነሰ ሁሉ የሚመለሰውም ቀስ ብሎ ነው፤ በምሳሌው መሬት ቢያንስ አንድ ወር መጠበቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ እኔ ቀድሜ የነበርኩ ነኝ። መብት የለኝም?

መልስ፦ በውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውኃ የሕዝብና የመንግሥት ነው። የመሬት ይዞታ ደብተር የውኃ ደብተር አይደለም፤ ይህ ለእርስዎም ለጎረቤትዎም ይሠራል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድና ባህላዊ መስኖ ፈቃድ አይጠየቅባቸውም፤ በማሽን ተቆፍሮ ፓምፕ የገባበት ግን ይጠየቃል። ከሁሉ በፊት የሚቀድመው የቤት ፍጆታ ነው። ከፈቃድ ነጻ መሆን ጥሩ ነው፣ ግን በእጅዎ ወረቀት አይኖርም። ስለዚህ የማሳዎን ስፋት፣ የሰብሉን ዓይነትና የውኃ ተራዎን ጽፈው የውኃ አባቱን (የመስኖ ተራ የሚያከፋፍለውን) እና ጎረቤቶችን ያስፈርሙ። ሽንኩርት በሞቃት ወር በቀን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ በአፈር ቦይ ግማሹ መንገድ ላይ ስለሚቀር በሄክታር 120 ሜትር ኩብ ይያዝ። በሰከንድ 2.5 ሊትር በቀን 216 ሜትር ኩብ ነው፣ 1.8 ሄክታር ያጠጣል። ከዚህ በላይ እያለሙ ከሆነ ጥፋቱን በሙሉ በፓምፑ አያሳብቡ።

ጥያቄ፦ እንደ ደቻቱ፣ ጎርፍ ሲመጣ ብቻ በሚፈስ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ዳር ብቆፍርስ? የሚፈስ ነገር የለ፣ ማንን እጎዳለሁ?

መልስ፦ ከታች ያለውን ባለጉድጓድ። የውኃው ወለል ከአሸዋው በጣም ከራቀ ፓምፕዎ ከጎርፉ ተጨማሪ አይስብም፤ ነገር ግን ጎርፉ አስርጎ ያስቀመጠውን ሁላችሁም ከአንድ ጎተራ ትወስዳላችሁ። ፓምፑን ከመግዛትዎ በፊት በአቅራቢያ ባሉ ጉድጓዶች የቆመውን ውኃ ጥልቀት፣ ማንም ሳይስብ ማለዳ፣ በግንቦትና በመስከረም ይለኩ።