ፌስታሉ ሐምሌ ላይ ሲፈታ

ደብዳቤው የመጣው ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ልጅ ናት። በአካውንቲንግ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ቋሚ ሥራ ግን እስካሁን የለም። አሁን ከቤቷ ሆና የትናንሽ ነጋዴዎችን ሂሳብ በወር ክፍያ መያዝ አስባለች። አዘዞ ያሉ አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ደረሰኛቸውን በቴሌግራም ሊልኩላት፣ በወር 3,000 ብር ሊከፍሏት ተስማምተዋል። ፒያሳ አካባቢ ፔንሲዮን ያላቸው ሴትዮ ደግሞ ገና ሳትቀመጥ «ግብሬን በስንት ታወርጂልኛለሽ?» አሏት። አባቷ ከባንክ ሌላ ሥራ አለ ብለው አያምኑም። እንዲያውም «ውስጥ ሰው አለኝ» ላለ አንድ ግለሰብ የሚሰጥ 60,000 ብር እየተሰበሰበ ነው። ደብዳቤዋን የምትዘጋው እንዲህ ብላ ነው፦ «እትዬ፣ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ለማይል ሰው ማን ሚስጥሩን ይሰጣል? ደግሞስ የመጀመሪያ ደንበኛዬን በእምቢታ ልጀምር?»

ልጄ፣ የፔንሲዮኗ ባለቤት ከጠየቁሽ ልጀምር። ያንን ጥያቄ እኔም በዕድሜሽ ሳለሁ ተጠይቄዋለሁ። የመለስኩት መልስ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሂሳብ ሥራ የጀመርኩት አንድ ነጋዴ ቤት ነው። ቢሮ የሚባለው ከመጋዘኑ ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሥራዬ ደረሰኝ መቁረጥ፣ ባንክ መሰለፍ፣ እንግዳ ሲመጣ ሻይ ማዘዝ ነው። መዝገብ የሚነሳው ሰኔ ካለቀ በኋላ ብቻ። አንድ ሐምሌ አለቃዬ ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረጉና «የዓመቱ ወጪ ነው፤ አስተካክይው» አሉኝ።

ፈታሁት። ከላይ ያሉት ደረሰኞች ይነበባሉ። ወደ ሥር ስወርድ እየገረጡ መጡ። የመጨረሻዎቹ ባዶ ነጭ ወረቀት ናቸው። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ቀለም የለውም፤ ጽሑፉ የሚወጣው በሙቀት ነው። ሙቀትና ብርሃን ሲበዛበት ደግሞ መልሶ ይጠፋል። ፌስታሉ የከረመው መስኮት ሥር ነበር። አንዱን ደረሰኝ አንስቼ ወደ መብራቱ አዘነበልኩት። የታየኝ የቀኑ ግማሽና «ጠቅላላ» የምትል ቃል ናት። ጠቅላላው ስንት እንደሆነ የለም።

«አስተካክይው» ማለት ለካ የጠፋውን ከጭንቅላትሽ አምጪ ማለት ኖሯል። አመጣሁ። እናቴን የምረዳው በዚያ ደሞዝ ነበር፤ እምቢ የምልበት አቅም አልነበረኝም። በኋላ ወጪው ማስረጃ የለውም ተብሎ ሲጣል አለቃዬ በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ሂሳብ ሠራተኛዋ ናት የሠራችው።» ምን ልበል? ጽሑፉ የኔ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄሽ መልሱ አጭር ነው፦ አዎ፣ በእምቢታ ጀምሪ። ግን እምቢታው በሩን የሚዘጋ አይሁን። ለሴትዮዋ እንዲህ በያቸው፦ «ግብር አላወርድም። ያወጡት ወጪ ግን አንድም ሳይቀር በደረሰኝ እንዲያዝ አደርጋለሁ።» ሂሳብ የሚይዝ ነጋዴ ግብር የሚከፍለው በመሠረቱ ከትርፉ ነው። ማስረጃ የሌለው ወጪ ደግሞ እንዳልወጣ ይቆጠራል። አንሶላ ገዝተዋል፣ ሳሙና በካርቶን አስገብተዋል፣ የውሃ ፓምፕ አስጠግነዋል። ደረሰኙ የታለ? ስንቱ ነጋዴ ነው ገማቹ ጠምዶኝ ነው እያለ የሚያማርር፣ ወጪውን የሚያሳይበት ወረቀት ግን የሌለው! እኚህ ሴትዮም ግብሩ በዛብኝ የሚሉት ምናልባት ያለ ደረሰኝ እየገዙ ይሆናል። መጀመሪያ እሱን እይላቸው። ዋናው ሥራሽ እዚያ ነው።

ሰምተውሽ ሲያበቁ «እሱስ እሺ፤ አንዱን መዝገብ ለኔ፣ አንዱን ለግብር ሰዎቹ» ካሉ ግን አመስግነሽ ውጪ። ሁለት መዝገብ የያዘች ልጅ ነጋዴዋን ታስፈራለች፣ ነጋዴዋም እሷን። በዚህ መሃል ሥራ የሚባል ነገር የለም። ያንቺ ደግሞ ከኔም ይብሳል። ሁሉ ነገር በስልክሽ፣ በስምሽ፣ ከነሰዓቱ ተመዝግቦ ነው የሚቀመጠው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ። ሱቁ ውስጥ ቁጭ አለማለትሽን እንደ ጉድለት ነው ያየሽው። እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። ያ ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ የተጣለው ጠረጴዛው እዚያ ቤት ስለነበረ ነው። ቁጭ ያለ ሰው ይላካል፣ ካሽ ይጠብቃል፣ «እስኪ አንዴ ፈርሚበት» ይባላል። የሂሳብ ሀሁ የሆነውን ነገር አንቺም ተምረሽዋል፦ ገንዘብ የሚነካና ገንዘብ የሚመዘግብ አንድ ሰው መሆን የለበትም። ትንሽ ሱቅ ውስጥ ግን ካሸሩም፣ ገዢውም፣ ጸሐፊውም የወንድም ልጅ ነው። ብር ሲጎድል ማን ይጠየቅ? ከሱቁ ውጭ ሆና የምትመዘግብ፣ መሳቢያውን የማትነካ ሰው ስትኖር ባለቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመሳክርበት ነገር ያገኛል። ለአዘዞው ነጋዴ ይህንን ንገሪያቸው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስልሽ ደግሞ። ፓርት ታይም አካውንታንት በየከተማው አለ። በወር አንዴ መጥቶ ግብሩን ዲክሌር አድርጎ (አስታውቆ) ይሄዳል። አንቺ የምትለይው ዕለት በዕለት በማየትሽ ነው። ማታ ሱቁ ሲዘጋ የማሽኑ ዜድ ሪፖርት፣ የቀኑን ጠቅላላ ሽያጭ የሚያሳየው ወረቀት፣ ፎቶ ይነሳል። የቀኑ የወጪ ደረሰኞች ይነሳሉ። ወረቀቱ ሳይገረጣ ማለት ነው። የባንክና የቴሌብር እንቅስቃሴ በየሳምንቱ ይላካል። ፒናቸውን ግን እንዳትቀበዪ። «ጊዜ የለኝም፣ አንቺው ገብተሽ እይው» ይሉሻል፤ እንዳትገቢ። ብር የጠፋ ቀን ፒኑን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ አንቺ ነሽ።

ዋናው ወረቀት ቅዳሜ ቅዳሜ በፖስታ ታሽጎ ይምጣልሽ፤ ስትቀበዪም ስትመልሺም ተፈራረሙ። «ቨርቹዋል» የሚሉት፣ ከሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት መሥራት፣ ጎንደር ላይ ግማሹ በባጃጅ ነው የሚሄደው። ቀልድ አይደለም። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለስንት ወር እንደተቀመጥን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሥራሽ በኔትዎርክ ብቻ የሚቆም ከሆነ ኔትዎርክ የሄደ ቀን ሥራሽም ሄደ። መዝገቡ ኮምፒውተርሽ ላይ ይሁን። የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪም ሆነ ኤክሴል ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ኮፒው በፍላሽ፣ ፍላሹ ከኮምፒውተሩ ሌላ ቦታ። ነጋዴውም ጋ የቀን ሽያጭ የሚጻፍበት ደብተር ይኑር፤ ቴሌግራም ባይሠራ ደብተሩ ቅዳሜ ይመጣልሻል።

በወሩ መጨረሻ ለነጋዴው አንድ ገጽ ብቻ ስጫቸው። ዴቢት ክሬዲት አትጻፊባት፤ ማንም አያነብልሽም። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ እጅ ላይ ስንት አለ፣ ማን ምን ያህል ዱቤ አለበት፣ እኛስ የማን ዕዳ አለብን። በግንባታ ዕቃ ንግድ ገንዘቡ ያለው መሳቢያው ውስጥ ሳይሆን ዱቤ ደብተሩ ውስጥ ነው። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ወስዶ «ስላቡ ሲሞላ እከፍላለሁ» ያለ ኮንትራክተር አይጠፋም። ስላቡ ተሞልቶ፣ ቤቱ ተከራይቶ፣ ሰውየው ገና አልከፈለም። እኔ ማታ ማታ ሂሳቡን እይዝለት የነበረ አንድ ዳቦ ቤት ሁለተኛ ወር ላይ የዱቤውን ዝርዝር በዕድሜው ከፋፍዬ ሰጠሁት፦ የ1 ወር፣ የ3 ወር፣ ከዚያ በላይ። ባለቤቱ ወረቀቱን ይዞ ዝም አለ። ከዚያ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ስም በጥፍሩ ጫረና «ይሄማ በየቀኑ ሰላም የሚለኝ ሰውዬ ነው» አለኝ። ከዚያን ቀን በኋላ ክፍያዬን አስታውሼው አላውቅም፤ ወሩ ሳይሞላ ያመጣልኛል።

የፔንሲዮኗ ሴትዮም ከተስማሙ ገጿ ለሳቸው ሌላ መልክ ይኑራት። ጎንደር ለጥምቀት ክፍል ይጠፋል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ቁልፉ ሁሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይውላል። የጥር ወር ገቢ ስንቱን ወር እንደሚሸከም በቁጥር አይተው አያውቁ ይሆናል። ሠራተኞች ካሏቸው በየወሩ የሥራ ግብርና ጡረታ አለ፤ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው። ይኼ ሐምሌን አይጠብቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ክፍል ውስጥ የተማርሽውን ሕግ እንዳለ ይዘሽ ደንበኛ ጋ እንዳትሄጂ። የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጁ በ2016 በአዲስ ተተክቷል። የገቢ ግብር አዋጁ፣ 979/2008ን ማለቴ ነው፣ በ2017 ተሻሽሏል። ቫቱ ዛሬም 15 በመቶ ነው፤ ነጋዴ በዓመት ገቢው የሚመደብበትን የድሮውን የደረጃ ወሰን ይዘሽ ግን «እርስዎ ደረጃ ይኼ ነዎት» ብትያቸው በመጀመሪያው ቀን ትዋረጃለሽ። ማሻሻያዎቹን አንብቢ፤ ካነበብሽም በኋላ ከግብር ጽሕፈት ቤቱ አረጋግጪ።

3,000 ብሩ ያንሳል ወይ ላልሽኝ፣ ያንሳል። ተቀበዪው። ግን ለሦስት ወር ብቻ፣ የምትሠሪው ነገር በወረቀት ተዘርዝሮ። በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደወሰደብሽ ጻፊ። በአራተኛው ወር ያንን ይዘሽ ተደራደሪ። በዘመድ ዋጋ የጀመርሽው ሥራ ለዓመታት በዘመድ ዋጋ ይቀጥላል።

አባትሽን በተመለከተ። አስተምረውሻል፣ ይፈራሉ፣ ይገባኛል። ያ 60,000 ብር ግን መሰጠት የለበትም። ጉቦ ነው፤ ጉቦም ሆኖ ሳይሠራ ይቀራል። ሰውየው ቢጠፋ ማን ጋ ይከሰሳል? ደረሰኝ አይቆርጥላቸው። እንደዚህ ጥጃ ሸጠው፣ ዕቁብ አስቀድመው ከፍለው የቀሩ ቤተሰቦችን አይቻለሁ። ባንክ ፈተና ሲያወጣ ተፈተኚ፤ ማንም አይከለክልሽም። ግን ሁለት ዓመት የጠበቅሽው ባንክ እስካሁን አንድ ወር ደሞዝ አልከፈለሽም። የአዘዞው ነጋዴ በሚቀጥለው ወር ይከፍሉሻል። ይህን ለአባትሽ አንቺው ንገሪያቸው፤ አጎትሽን ሽማግሌ አትላኪ። ብሩን የሚሰበስቡት እሳቸው አይደሉ? ከስድስት ወር በፊት ቤት ገንዘብ እንደማታስገቢም አብረሽ ንገሪያቸው። አንዴ ተቆጥተው ይለፍላቸው።

የውጭ አገር ደንበኛ በኢንተርኔት ስለመፈለግ ለጠየቅሽው፦ ገንዘቡ በሕጋዊ መንገድ እጅሽ የሚገባበትን መንገድ ሳታገኚ አንድም ሰዓት አትሥሪ። ስለ ፈቃድ ደግሞ፦ የሰው ሂሳብ በክፍያ ስትይዢ አንቺም ነጋዴ ነሽ። ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አውጪ፣ ንግድ ፈቃድሽን ጠይቂ። የሂሳብ መግለጫ አረጋግጦ መፈረም ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው። የአዘዞው ነጋዴ «ፈርሚልኝ» ካሉ ወደዚያ ምሪያቸው። እዚያው ሠፈር ሌላ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ቢመጣልሽ ደግሞ ለመጀመሪያው ሳትነግሪ አትያዢ።

ላፕቶፕ በዱቤ ልግዛ ያልሽውን ተይው። የወንድምሽ አሮጌው ኮምፒውተር ፒችትሪ ካነሳ ለሁለት ደንበኛ ይበቃል። በምትኩ ጥሩ ፍላሽና መሸኛ ደብተር ግዢ። የአዘዞውን ዕቃም ሰኔ 30 ራስሽ ሄደሽ ቁጠሪ፤ ቆጠራ በፎቶ አይሆንም። ሚስማሩን በኪሎ፣ ቆርቆሮውን በቁጥር።